ለሳል የተጨመረ ማር

ዶን ኢላሪዮን ቦጋዶ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በወንዝ ዳሯ ከተማችን በፑዌርቶ አራሳ ግን ስለ መቀሱ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ የሚወራው ስለ ማቴው፣ በቅል ተቀድቶ በመምጠጫ ስለሚጠጣው መራራ የቅጠል ሻይ ነበር። "ኢላሪዮን ጋ ደርሼ ልምጣ" የሚል ሰው ፀጉሩ ስላደገ ሳይሆን አፉ ስለደረቀ ነው። ጣውላ ነጋዴው ዶን ኒካኖር አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር ሳትኖረው በየማለዳው እየመጣ መስተዋቱ ፊት ይሰየማል። ቅሉ እስኪደርሰው ድረስም "ከኋላ በኩል ትንሽ አሳጥርልኝ" ይላል። ዶን ኢላሪዮን ሳይስቅ መቀሱን አንገቱ ሥር በባዶው ያንቀጫቅጭለታል።

እኔ የክርስትና ልጁ ነኝ። አንቱ ስለው ይቆጣ ስለነበር አንተ እያልኩት ነው ያደግኩት። ያኔ ኮሪዬንቴስ ዩኒቨርሲቲ እማር ስለነበር፣ ለክረምት ዕረፍት ስመጣ ሻንጣዬን ቤት ጥዬ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ እሱ ሱቅ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ማንቆርቆሪያዬ ማጉረምረም ሲጀምር ሱቁ ይመጣብኛል። የተሰነጠቀው መስተዋት፣ ከደጅ እስከ ወንበሩ የተዘረጋው ቀይ የጭቃ ዱካ፣ ምድጃው ላይ የጠቆረው ማንቆርቆሪያ፣ ከማንቆርቆሪያው በላይ ጆሮውን ያዘነበለው ቀጭን ሰውዬ።

"ዝም በሉ እስቲ፣ ውሃው እያወራ ነው!" ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። "ስሚ ዴሊያ፣ መጀመሪያ ያንኮራፋል። ቀጥሎ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም ነው የምታወርጂው። ከዘፈነ አለቀለት፤ ያንን ውሃ ዶሮ ይነጩበት።"

ቅሉን ከግማሽ አሳልፎ በዬርባ፣ በደቀቀው የማቴ ቅጠል፣ ይሞላዋል። የቅሉን አፍ በመዳፉ ከድኖ ይገለብጠውና ይነቀንቀዋል፤ መዳፉ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ብናኝ እፍ ብሎ የሰው ሁሉ ፊት ላይ ይበትነዋል። ከዚያ ቅሉን አጋድሞ ቅጠሉን ወደ አንድ ጎን ያስተኛዋል፤ ባንድ በኩል ኮረብታ፣ ባንድ በኩል ሸለቆ። ሸለቆው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ያደርግና ቅጠሉ ጠጥቶ እስኪያብጥ ይታገሳል። የብሩን መምጠጫ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ፣ ሸለቆው ውስጥ ይሰካዋል። ከዚህ በኋላ መምጠጫውን መንካት ክልክል ነው። ሙቁን ውሃ ከመምጠጫው ሥር በቀጭኑ ያወርዳል፤ የኮረብታው ጫፍ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል፣ ከሥሩ አረፋ ይነሳል።

አንዴ ከቦነስ አይረስ የመጣ የልብስ ስፌት መኪና ሻጭ መምጠጫውን ጨብጦ እንደ ሻይ ማንኪያ አማሰለው። ዶን ኢላሪዮን ምላጩን አስቀመጠ።

"ወዳጄ፣ እኔ የእርስዎን መኪና ፈታትቼብዎታለሁ?"

ሰውየው ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና ተለብጦ ይቅርታ ጠየቀ። ያለ ይቅርታ ሌላኛው ግማሽ እንደማይላጭ ገብቶታል።

የመጀመሪያውን ቅል ሁልጊዜ ቀጂው ነው የሚጠጣው። መራራ ነው፣ ብናኝ አለበት። "የሞኝ ድርሻ" ይለዋል ዶን ኢላሪዮን፣ ፊቱን ጨፍግጎ እየመጠጠ። "ሰው ደህናውን እንዲያገኝ አንድ ሞኝ ቀድሞ መራራውን መዋጥ አለበት። ይሄ ነው ጥበቡ፤ ሌላው ውሃ ነው።" ከዚያ ቅሉ በተራ ይዞራል። ጠጥቶ ዝም ብሎ የመለሰ ሰው ድገመኝ ማለቱ ነው። "አመሰግናለሁ" ያለ በቃኝ ብሏል፤ ቀጂው ከዚያ በኋላ ይዘልለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ያላገባው ለምንድን ነው ብላችሁ እንደሆነ፣ ምክንያቱ ያው ማቴ ነው።

ዶኛ ዩስቲና ሂርቹክ ሸሚዝ ሰፊ ነበረች። አያቶቿ ከሩቅ አገር ጫካውን ሊመነጥሩ የመጡ ናቸው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከዬርባው ማድረቂያ ባሻገር፣ ጭሱ በየዓመቱ የሚያጠቁረው ሰማያዊ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ ትኖራለች። ዶን ኢላሪዮን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጫማውን ወልውሎ እሷ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እሷ ትቀዳለች፣ እሱ ይጠጣል። ስለ ወንዙ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ያወራሉ። "ዶኛ ዩስቲና"፣ "ዶን ኢላሪዮን" ይባባላሉ፤ ሲመሽ "አመሰግናለሁ" ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል። እኔ የመጀመሪያ ቁርባኔን ስቀበል እንዲህ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባም እንዲሁ።

ሊጠይቃት አልደፈረም። ምልክት ነበር የሚጠብቀው። እናቱ የዱሮ ሰው ነበረች፤ ሴት ልጅ ልቧን የምትናገረው በምትቀዳው ቅል ነው ብላ አሳድጋዋለች። ቀዝቃዛ ማቴ ንቀት ነው። የሚያቃጥል ማቴ "በአንተ ነድጃለሁ" ነው። ስኳር ወዳጅነት፣ የብርቱካን ልጣጭ "መጥተህ ውሰደኝ"፣ ማር ደግሞ ሠርግ። እኛ ወጣቶቹ እንስቅበት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አንዱንም አልረሱትም። የዶኛ ዩስቲና ቅል ታዲያ በየእሑዱ ያው ነው፤ መራራ፣ ልኩን የጠበቀ፣ እንደ ሸሚዞቿ ስፌት ቀጥ ያለ። ምንም አይነበብበትም።

እስከዚያ ክረምት።

እሑድ ሊመሽ ሲል እኔና እናቴ ማዕድ ቤት ቺፓ፣ የዓይብ ዳቦ፣ እየጋገርን ሳለ በሩ ተበረገደ። ዶን ኢላሪዮን ባርኔጣውን የት እንደጣለ እንጃ፣ ፀጉሩ ቆሟል።

"ማር!" አለ።

"ማር ምን ሆነ?" አለች እናቴ፣ ዓይብ በነካ እጇ።

"ማር አጠጣችኝ!"

"ተቀመጥ አበልጄ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ።"

"መቀመጥ አልችልም። ጉልበቴ እምቢ አለኝ።" እውነቱን ነው፣ ባለበት ይዘል ነበር።

"ስኳር እንዳይሆን?"

"ስኳር? እኔን ነው ስኳርና ማር አይለይም የምትይኝ? ንቧ ራሷ ምላሴ ላይ ነበረች እኮ!"

እናቴ እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገች። "ስማኝ ኢላሪዮን፣ ሰሞኑን እንደ አሮጌ ፈረስ ስትስል አልነበረም እንዴ?"

"ታዲያስ! ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም!" ብሎ ግንባሯን ሳመ፣ የእኔን ደግሞ ሁለቴ፤ ከዚያ ገና ያልበሰለ ቺፓ አንስቶ እየበላ ወጣ። "ለሰው እንዳትናገሩ!" የሚለውን ከመንገድ ላይ ሆኖ ነው የጮኸው።

ለሰው የተናገረው ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ለፋርማሲው ባለቤት ለዶን ፋኩንዶ "ሚስጥር ነው" ብሎ በጆሮው ሲነግረው ምላጩ ስቶ የሰውየውን ሪዝ ግማሹን ይዞት ሄደ።

"ምን አደረግከኝ?!"

"ላገባ ነው ዶን ፋኩንዶ!"

"የእኔን ሪዝ ነው እንዴ የምታገባው!"

"ግማሹ ተርፏል፤ ለጊዜው ወደ መካከል ይሳቡት።"

ዶን ፋኩንዶ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ በየቤቱ ምን እንደደረሰበት ሲያስረዳ፣ ለምን እንደደረሰበትም ማስረዳት ነበረበት። በዚያው ቀን ወሬው ወደቡ ደረሰ። ማክሰኞ ዶን ኢላሪዮን ወንዙን ተሻግሮ ሱፍ ልብስ አዘዘ፤ ከተማችን ካለችው ጥሩ ሰፊ ዘንድ መሄድ አልቻለማ። ረቡዕ የሱቁን በር ሰማያዊ ቀባው፣ ልክ እንደ ዶኛ ዩስቲና መስኮት። ሐሙስ ለሠርጉ ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ከታኒ ጋር ተዋዋለ። በነጻ እየቆረጠ ስለነበር ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዕዘን ደርሶ ነበር፤ ከሰልፈኞቹ ግን ፀጉሩ በሁለቱም ጆሮው በኩል እኩል ተቆርጦለት የወጣ የለም። ያን ሳምንት የከተማው ወንድ በሙሉ አንገቱን ያዘመመ ይመስል ነበር።

ዓርብ ደግሞ ዶኛ ዩስቲና ሥጋ ልትገዛ ወጣች።

ከሥጋ ቤቱ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የመጣችው። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ የሥጋውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው።

"ሥጋ ሻጯ ዶኛ ፖቾላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ለሙሽራ ነውና ከሽንጡ ቆርጬልሻለሁ' አለችኝ! የማን ሙሽራ ብላት፣ ሥጋ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እናንተ ሰዎች፣ እኔ ምን አድርጌያለሁ?"

እናቴ ወንበር ሳበችላት። "ማር ሰጠሽው?"

"አዎ ሰጠሁት። ወንድሜ ካመጣልኝ ማር አንድ ማንኪያ። እየሳለ መስኮቴን ሲያንቀጠቅጠው ምን ልስጠው ታዲያ፣ ኮምጣጤ?"

እናቴ የቅሉን ቋንቋ አንድ በአንድ ነገረቻት። የዶኛ ዩስቲና ወገኖች ማቴን ከእኛ ተማሩ እንጂ ይሄንን ማንም አላስተማራቸውም። ማር ላይ ሲደርሱ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ እንባዋን እስኪያመጣው ሳቀችና ድንገት አቆመች።

"ለሳሉ ነው!" አለች። "ደግሞስ እሺ፣ መሰለው እንበል። ያን ሁሉ እሑድ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ለእኔ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ ለሥጋ ሻጭ ይነግራል? እኔ ከሁሉ መጨረሻ ልስማ?"

ወደ እናቴ ዞረች።

"ንቀት በምንድን ነው ያልሽኝ?"

"በቀዝቃዛ" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

"ጥሩ።" ተነስታ ወጣች። ሥጋዋን ረስታው ሄደች።

እናቴ ወዲያው "ሂጂ፣ እሑድ ሳይመጣበት ንገሪው" አለችኝ። ዶን ኢላሪዮንን ያገኘሁት መስተዋቱ ፊት አዲሱን ሱፍ ለብሶ፣ በመጥረጊያ እየጨፈረ ነው። ማሩ ለሳሉ እንደነበር ነገርኩት። ስለ ንቀቱ ልነግረው አንደበቴ አልታዘዘኝም። መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። የደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም ነበር። እግሩ መሬት አልደረሰም።

"ለሳሌ" አለ።

"አዎ።"

"ለሠርግ አይደለም።"

"አይደለም፣ የኔ አባት።"

 ከዚያ መስተዋቱ ውስጥ አንደኛው ቅንድቡ ቀስ እያለ ሲነሳ አየሁት።

"ቆይ፣ ስስል ሰምታኛለች ማለት ነው?"

"ከተማው ሁሉ ሰምቶሃል እኮ!"

"ከተማው ሁሉ ሰማኝ፤ ማር ያመጣልኝ ግን ማነው? አንቺ አመጣሽልኝ? ፋኩንዶ ፋርማሲ ሙሉ ሽሮፕ ደርድሮ አመጣልኝ?" ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። "ዴሊያ፣ ሳሌን ሰምታዋለች!" መጥረጊያውን አንስቶ ከቆመበት ጭፈራውን ቀጠለ። ምን ታደርጉታላችሁ?

እሑድ ከደቡብ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይበሳ ነበር። እንዲያም ሆኖ ፑዌርቶ አራሳ በሙሉ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በዬርባው ማድረቂያ በኩል ሽርሽር አማረው። ዶኛ ፖቾላ አጥሩ አጠገብ የጫማዋን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ እንዳለች ቀረች፤ ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም። ዶን ፋኩንዶ የተረፈውን ሪዝ ተላጭቶ መጥቷል። ታኒ አኮርዲዮኑን አቅፎ ከብርቱካኑ ዛፍ ኋላ ቆሟል። እኔና እናቴም እዚያው ነበርን፤ ምን እዋሻለሁ።

ዶን ኢላሪዮን በአዲሱ ሱፍ ደረጃውን ወጣ።

"ይቀመጡ፣ ዶን ኢላሪዮን።"

"እሺ፣ ዶኛ ዩስቲና።"

ጠረጴዛው ላይ ቅሉና ማንቆርቆሪያው ተዘጋጅተዋል። ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ግን እንፋሎት የለም። አጥሩ ዳር ያለነው ሁላችንም በአንዴ አየነው፤ ዶኛ ፖቾላ አማተበች። ዶኛ ዩስቲና የመጀመሪያውን ቀድታ የቀጂ ድርሻዋን ራሷ ጠጣች፤ ፊቷን አላጨማደደችም። ቀጥላ ቀዳችና ሰጠችው።

አንዴ ሳበ። ትከሻው ተሸበሸበ። የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ሌሊቱን ውርጭ ያደረበት። እንዳወቀ አወቅን፤ እናቱ ያስተማረችውን ፊቱ ላይ አነበብነው። ግን እስከ ታች መጠጠው። ቅሉ ባዶ መሆኑን የሚናገረው ጉርጉርታ እስከ አጥሩ ተሰማ። እጁን ዘርግቶ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ መለሰላት።

ዶኛ ዩስቲና ቅሉን አየችው፣ እሱን አየችው። ደግማ ቀዳች፣ ያንኑ ቀዝቃዛ። ጠጣ። መለሰ። ዝም።

"አልቀዘቀዘብዎትም?" አለች በመጨረሻ።

"ኧረ ደህና ነው። በ-በ-በዚህ ሙቀት።" ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ከአጥሩ ዶን ፋኩንዶ አላስቻለውም። "አመሰግናለሁ በልና ና ውጣ፣ ወንድሜ! የሳንባ ምች ይይዝሃል!"

"ዝም በል አንተ ሪዝ አልባ!" አለ ዶን ኢላሪዮን ሳይዞር።

"እውነታቸውን ነው" አለች ዶኛ ዩስቲና። "አመሰግናለሁ ቢሉኝ እኮ ሁለታችንም እንገላገል ነበር።"

"ገና አልጠገብኩማ።"

እንደገና ቀዳች። እጇ ትንሽ ስለፈጠነ ውሃው ኮረብታውን ናደው። "ለከተማው ሁሉ ሲነግሩ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈርቼ።"

"ዶኛ ፖቾላን አልፈሩም?"

"እሷን አልወዳትማ።"

ዶኛ ዩስቲና ከንፈሯን ነከሰች። ዶኛ ፖቾላ እንዳጎነበሰች "እሰይ!" አለች፤ ሰው ሁሉ እሽ አላት። የቅጠሉ ጣዕም ካለቀ ቆይቷል፤ ጭራሮው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። እሱ ግን ያንን ቀዝቃዛ እጣቢ አንደኛ ወይን ጠጅ የቀረበለት ይመስል መጥጦ መለሰ። ያኔ ነው ሳሉ የመጣው። ደረቱ ሥር ሲያጉረመርም ቆይቶ ወጣ፤ ባርኔጣው ወደቀ፣ ማንቆርቆሪያው ክዳን ተንቃጨለ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ዶኛ ዩስቲና ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገባች። በሩ ተዘጋ።

"አለቀ" አለች እናቴ። ታኒ አኮርዲዮኑን ከረጢቱ ውስጥ መክተት ጀመረ። ዶን ኢላሪዮን ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ባርኔጣውን ከወለሉ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጆሮውን ወደ ማዕድ ቤቱ አዘነበለ። አንድ ነገር ሰማ መሰለኝ፤ ፈገግ አለ። ከዚያ እኛም ሰማነው፤ በመጀመሪያ ማንኮራፋት፣ ቀጥሎ ማጉረምረም። ከመዝፈኑ በፊት ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ማንቆርቆሪያው ይጨሳል፤ በሌላው እጇ የዬርባ ቆርቆሮ፣ ብብቷ ሥር የማር ብልቃጥ። ያለቀውን ቅጠል አበባ ማሰሮው ውስጥ አራገፈችው። እንግዳ እንዲሄድላት የፈለገች ሴት ቅጠል አትለውጥም፤ ይሄንን ለማወቅ የዱሮ ሰው መሆን አያስፈልግም።  ቅሉን ሞላች፣ በመዳፏ ከድና ነቀነቀች፣ ብናኙን እፍ አለችው፤ አዲሱ ሱፍ ላይ አረፈ። ኮረብታ፣ ሸለቆ፣ ለብ ያለ ውሃ። መምጠጫውን ሰካች። የመጀመሪያውን፣ መራራውን፣ የሞኝን ድርሻ፣ ራሷ ጠጣችው፤ አሁን ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ አንድ ማንኪያ ማር ጨምራ ቀዳችና ሰጠችው።

ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ።

"ዶኛ ዩስቲና" አለ፣ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰባብሮ፣ "ይሄ... ለሳሌ ነው?"

"ለሳልህ ነው" አለች። አጥሩን አየች፣ ዶኛ ፖቾላን አየች፣ ብርቱካኑን ዛፍ አየች። "ለሳልህም ነው። አንተ ታኒ ደግሞ ያንን ነገር የተሸከምከው ለጌጥ ነው እንዴ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። መላጣው ዶን ኒካኖር ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወርውሮ ያቺን እስከ ወንዙ ማዶ የምትሰማ የአገራችንን ረጅም የደስታ ጩኸት ለቀቃት፤ ውሾች መለሱለት። አጥሩ የወደቀው የከተማው ሰው በአንድ ጊዜ ስለተደገፈበት ነው። ቀዩ ጭቃ ውስጥ ጨፈርን። ዶኛ ፖቾላ የዶን ፋኩንዶን ጺም አልባ ከንፈር ሳመችው፤ ሪዝ ተመልሶ እንዳያበቅል አስጠነቀቀችው። ዶን ኢላሪዮን ያ ሁሉ ሰው ሲጨፍር ወንበሩን አልለቀቀም። እየጠጣ ይመልሳል፣ እየተቀበለ ይጠጣል።

በመስከረም ተጋቡ። በግብዣው ላይ አባቴ ለሙሽራው "እንግዶቹን አመስግን እንጂ" አለው። ዶን ኢላሪዮን ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ወዳጆቼ፣ አመሰ..." ሲል ዶኛ ዩስቲና ከጎኑ ቅሉን ይዛ ቀና ብላ አየችው።

"በቃህ?"

"አልወጣኝም!" አለና ቁጭ አለ። እንግዳው ሳይመሰገን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ስቆ ሄደ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ሱቁን የጫማ መደብር አድርገውታል፤ ሰማያዊው በር ግን አሁንም አለ፣ ቀለሙ ተላልጦ። ከሠርጉ በኋላ ስንት እሑድ እዚያ በረንዳ ላይ ከእነሱ ጋር እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ሸሚዝ ስትሰጠው አንገቱን ይነቀንቅ ነበር፣ ሾርባ ስትሰጠው ጸጉሯን ይዳብስ ነበር። ያቺን ቃል ግን ለእሷ ሲናገራት አንድም ቀን አልሰማሁም። እስከ መጨረሻው ክረምት፣ ጣቶቹ ቅሉን መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ፣ ጠጥቶ ዝም ብሎ ይመልስላት ነበር።